እጅ መስጠት

ዴቬንተር ዘንቦባት አደረ፤ ጠረጴዛዬ ግን ብራ ነው፣
ኮረብታው አረንጓዴ ብርድ ልብስ፣ ወንዙ ሰማያዊ ሻሽ ነው።
ካሜራውን ከአምፖሉ ገመድ አሰርሁት። "ይታያል?" አልሁ።
"ይህ መላጣ ኮረብታ የማን ወገን ነው?" አለች ሞራግ ከግላስጎው።
ለካ ጎንበስ ብያለሁ።

አቢልዮ ከፖርቶ፣ ኡርማስ ከታርቱ፣
አዝማቾቼ ገቡ በየመስኮቱ።
እነሱ ያዝዛሉ፣ እኔ እዘምታለሁ፤
በሜትር ለክቼ ፈረስ እነዳለሁ፣
ዳይስ ጥዬ እገድላለሁ፣
የገደልሁትን በሁለት ጣቴ አነሣለሁ።

ቀትር ላይ ኡርማስ "ተኩ..." እንዳለ ደርቆ ቀረ።
ኢንተርኔቱ ነው። ጦርነቱ ቆመ፤ ሾርባዬን አሞቅሁ።

"እስከዚያ" አለ አቢልዮ፣ "ከበሮ መቺውን ወደ ብርሃን አምጣልኝ።"
የቀባው እሱ ነው፣ እጁ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር፣
የኮቱን ቁልፍ እንኳ ሳያስቀር።
አቀረብሁለት።
ሞራግም ዝም አለች፤
ዝናቡ ብቻ መስኮቴን ይደበድባል።
"ግራ ዓይኑን አበላሽቼዋለሁ" አለ በመጨረሻ።

ማታ ማን አሸነፈ? እንጃ።
ቀኑን ሙሉ ለሁለቱም ወገን እጅ ሰጥቼ ዋልሁ፤
የተማረከው ወገቤ ነው።
ጦሩን በየሣጥኑ ከተትሁ።
ከበሮ መቺው ግን ከጨው ዕቃው አጠገብ
ዱላውን እንዳነሣ ቆሟል።