ሞረድ

ነሐሴ በኤክስትሬማዱራ ደመና አያውቅም፤
ከአምስት ሰዓት ወዲያ ውሻም ከጥላ አይርቅም።
ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ፣ ኮከብ ሳይሸሽ ከላይ፣
ስቤ አወጣታለሁ ሴኒሳን፣ አምባላይ፤
ከቡሽ ዛፎቹ በታች፣ ወንዙ ከደረቀበት፣
ጠጠሩ እንደ እንቁላል ከተከመረበት
አስረግጣታለሁ፤
መጀመሪያ ቀስ፣
ፊደል የሚቆጥር ልጅ ገጹን እንደሚዳስስ።

አባቴ ኤሌውቴሪዮ፣
አርባ ዓመት ለፈረስ ጫማ ሲቀጠቅጥ የኖረ፣
ኮቴ ሰምቶ «የእገሌ ነው» ሲል አንድ ቀን ያላፈረ፣
አራቱን ብረቷን በጉጠት ስነቅል፣
ሚስማሩ ከባልዲው ወድቆ ሲንከባለል፣
ከበሩ ቆሞ አየና
ቆቡን ደፍቶ ሄደ።
«ባዶ እግሩን የሚሄድ ድንጋይ ስለወደደ
ነው እንዴ?» አለኝ ማታ፣ ሾርባውን እየማገ፤
ከዚያ ወዲያ ሰባት ወር
ስለ ፈረሷ እግር አንድ ቃል አልፈለገ።

ጥር ላይ አነከሰች፤ የካቲት ላይ ፈራች፤
መጋቢት ሙሉ ጠጠር ስታይ ሣር ሣሩን ተጠጋች።
ሚያዝያ ላይ፣ እንጃ፣ ቀኑን አልጻፍኩትም፣
ድንጋይ ረግጣ አለፈች፤ ምንም አልመሰላትም።
አንስቼ ዳሰስኩት፦ ሰኮናው ጎድጉዷል፣
እንደ ቀንድ ዋንጫ ጠንክሮ ተወልዷል፤
የድሮው የሚስማር ቀዳዳ
ወርዶ ወርዶ፣ እንደ ዕዳ፣
አንድ ማለዳ ተሞርዶ አልቋል።

አሁን ሦስት ቀን ቀርቶናል።
መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ በአንድ ፀሐይ፣ ወደ ምዕራብ፣
እስከ ፖርቱጋል ጠረፍ።
ትናንት ጠፍሩን ቀየርኩለት ለሳሳው የግራ እርካብ፤
ለድልድሉ የጎረቤቴ የብሪሂዳ በግ ተሸልቶ፣
ሱፉ ታጥቦ፣ አጥር ላይ ውሎ፣ ፀሐይ ጠጥቶ፤
ስፖንጅ በሲባጎ ከኮርቻው ቀለበት፣
ኩሬ ባገኘን ቁጥር ነክሬ አንገቷን ላርስበት፤
ጨው ከካሮት ጋራ፣ ሐኪሙ እንደመከረኝ።
«ልቧ በደቂቃ ከስልሳ አራት ካለፈ
እዚያው ትቀራላችሁ» ሲል ስላስጠነቀቀኝ፣
ጆሮዬን ከጎኗ ለጥፌ መቁጠር ተማርኩኝ።
ዱብ። ዱብ።
አንዳንዴ የማንን እንደምቆጥር ይጠፋኛል፤
የሷ ሲረጋ የኔው ይፈጥናል።

ዋዜማው። ሙቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤
መስኮቱ ክፍት ነው፣ መብራቱ ጠፍቷል።
ከጋጣው በኩል «ክርር፣ ክርር» የሚል ሰማሁ፤
ሌባ መስሎኝ በባዶ እግሬ ሮጬ በሩን ገፋሁ።
ጠጠሩ ወጋኝ። እኔ ገና አልለመድሁም።

አባቴ ነው። የሴኒሳን የኋላ እግር
ከጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ጥርሱ ባለቀ ሞረድ
ጠርዙን ያለዝባል እንደ ሕፃን ጥፍር።
እሷም ክብደቷን ጥላበት ታንጎላጃለች።
ቀና አላለም።
«ጠርዙን ስለታም ትተሽዋል፤ ድንጋይ ነክሶ ይሸርፈዋል።
ቆመሽ አትዪ፤ ፋኖሱን ያዢ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።»
ያዝኩለት።
የሰኮናው ዱቄት ጉልበቱ ላይ ነጭ ሆኖ ወረደ፤
ስለ ሰባቱ ወር ማናችንም አላነሣን።
አራተኛውን እግር ሲጨርስ መዳፉን ከሥሩ አኖረ፤
ትንሽ ቆየ፤
ከዚያ ለቀቃት።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ጨለማው እንዳለ፣
ከደጃፉ ቆሞ ጆሮውን ወደ መንገዱ አዘነበለ።
ብረት የለ፣ ብልጭታ የለ፤
ደብ፣ ደብ፣ ደብ ብቻ፣
በጣት እንደሚመታ የአሮጌ ሣጥን ክዳን።
አርባ ዓመት የሰማውን ኮቴ ሁሉ ሲያገላብጥ ታየኝ፤
«ይሄንንስ አላውቀውም» ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ፤
ከዚያ ወንበር ሲጎትት።