ሃያ ሰባት ፍራሽ

የባሕር ጨው የላጠው ግድግዳ ያለው ቤት፣
ሙሐረቅ መንደር ውስጥ፣ ከዳቦ መጋገሪያው ፊት፤
ሦስት ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ ሃያ ሰባት ፍራሽ፣
ቁልፉ እኔ አንገት ላይ፣ ቢነጋም ቢመሽ።

ማኅበሩ መረጠኝ፦ «አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ፣
አንድ በጋ ሙሉ እዚሁ ፍራሽ ላይ ወድቀሽ
የረሃብን ልክ በሆድሽ ለክተሽ፤
ደብተሩን ያዢልን።»
ያዝኩት። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት ቁልፍ ይዤ አላውቅም፣
ሰባት ዓመት በሰው ቤት፣ የሚቆለፍብኝ እንጂ የምቆልፍ አልነበርኩም።

ሕጉ ካርቶን ላይ ነው፣ በቀይ ቀለም፣ ከበሩ በላይ፦
ሊሠራ የማይወድ አይብላ።
ዐሥራ አምስት ቀን ብቻ፤ ከዚያ በኋላ
ቦታዋን ለመጣች ትልቀቅ።
የማኅበር ወረቀት የሌላት አትግባ።
(ይህችን የመጨረሻዋን ለኋላ።)

ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሲል ፒክአፑ ይደርሳል፣
ስምንት ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ደጃፍ ላይ ያፈሳል፤
ማታ የተላጠውን ጭኖ ይመለሳል፤
ለጆንያው አራት መቶ ፊልስ፣ እሱንም ቆንጥሮ ይከፍላል።

አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ደርሶ ሲያልፍ
የሳፋው ውሃ ይንቀጠቀጣል፣ ቢላዋው ሁሉ ያርፋል።
«ይሄ የኛው ነው?» ትላለች አንዷ።
«የኛው ሐሙስ ነው።»
ከዚያ ይላጣል።

ማታ እጽፋለሁ፦
ዚያዳ፣ ግማሽ ጆንያ፤ ምስር ሁለት ጭልፋ።
ወርቅያንሱ፣ ሩብ፤ አሟት ነበር፤ አንድ ጭልፋ።
ሽቱ፣ አንድ ሙሉ፣ እያለቀሰች።
ነጭ ሽንኩርት አያስለቅስም፤
ደብተር ግን ምክንያት አይጠይቅም።

ገንዘብ ያዡ አቶ ሰይፈሚካኤል አርብ አርብ ይመጣሉ፣
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይደምራሉ።
ክፉ ሰው አይደሉም፤ ታክሲ ነድተው ካገኙት
የኪራዩን ሩብ እሳቸው ናቸው የሚከፍሉት።
ግን «ለአንዷ የላላ ሕግ ለመቶ ይላላል» ይላሉ፣
«ችግርም ጆሮ አለው፣ የት እንደሚበላ ይሰማል።»

ትርንጎ ስትመጣ እጇ በፋሻ ነበር።
አምስት ዓመት በረኪና የጠጣ ቆዳ
እንደ ሽንኩርቱ ልጣጭ በራሱ ይነሳል፤
አንዲት ፍሬ ብትነካ ከንፈሯን ትነክሳለች።
ትርንጎ፣ ባዶ።
ትርንጎ፣ ባዶ።
ሦስት ቀን ባዶ ጻፍኩ፤ ሦስት ቀን ጭልፋዬ
እሷን ዘሎ አለፈ፣ ዐይኔም ከጭልፋው ጋር።
በአራተኛው ሌሊት ጓዳ ገብቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ
ሩብ ጆንያ ላጥኩ። በስሟ ጻፍኩላት።

አርብ፣ «ትርንጎ፣ ሩብ» ብለው አነበቡ አቶ ሰይፈሚካኤል።
ፋሻዋን አዩ። ከዚያ የእኔን ጣቶች፣
ሳሙና የማያስለቅቀውን የጥፍር ሥር ሽታ።
«ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ፤
መነጽራቸውን አወረዱ፣
ፈረሙና ሄዱ።

እዚህ ላይ ባቆም ደግ ሴት እመስላችኋለሁ።

በጥር፣ ዝናብ የጣለባት ያቺ አንዲት ሌሊት፣
አንዲት ልጅ አንኳኳች፤ በጥቁር የላስቲክ ከረጢት
ያላትን ሁሉ ይዛ፣ በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ።
«ወረቀት?» አልኳት በበሩ ሽንቁር።
«የምን?»
«የማኅበር። ከየት ነሽ? ማን ያውቅሻል?»
የጠራችልኝን አገር ከኛ ማንም አያውቀውም።
ፍራሹ ሃያ ሰባት ነው። ሕጉም ከራሴ በላይ ተሰቅሏል።
«አርብ ተመለሺ፣ ገንዘብ ያዡን ጠይቂ።»
የጫማዋ ድምፅ፣ ጠብ… ጠብ… እስከ ዳቦ መጋገሪያው፣
ከዚያ ዝናቡ ብቻ።

አርብ አልመጣችም። ስሟንም አልጠየቅኋት፤
ስም ብጠይቅ መጻፍ አለ፣ ብጽፍ ደግሞ ጭልፋ።

አሁን በደብተሩ መጨረሻ ገጽ፣ ማንም በማይገልጠው፣
ሌሊት ሌሊት አንድ እፍኝ እልጥና እንዲህ እላለሁ፦
ሃያ ስምንተኛ፣
(የስሟ ቦታ)፣
ሁለት ጭልፋ።