እፍ

ሽኩር ጌም ቤት ነበረው፣ ከለገሃር ማዶ፣
ግድግዳው ቆርቆሮ፣ በሩ በሸራ ተጋርዶ።
ውጪ የናዝሬት ፀሐይ አስፋልቱን ሲያቀልጥ፣
ውስጥ አሥራ አራት ልጅ በአንድ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ።
እግዜር አንዲት ነፍስ ሰጥቶ፣ ለሷም ይጠይቀናል፣
ሽኩር በስሙኒ ሦስት ነፍስ ይሸጥልናል።

ካሴቱ ላይ ተጽፏል፦ «ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጨዋታ»፤
አንድ ክረምት ቆጠርነው። ስድስት ነው። የቀረው
ያው ስድስቱ፣ ስም እየቀያየሩ የቆሙ በተርታ።
እምቢ ሲል፣ አቧራ እንደገባው የሕፃን ዓይን
እፍ እንለዋለን፣
ደግመን እንሰካለን።

ዛሬ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ፤ ውስጡን አውቀዋለሁ፦
ምራቃችን ነበር መዳቡን ያዛገው።
አውቄም፣ ከመሰካቴ በፊት፣ እፍ እላለሁ።

የእህቴ ልጅ ኦብሳን ከትምህርት ቤት እንደወጣ
ስልኩን ደቀነብኝ፤ «እየው፣ ያንተ ዘመን ተመልሶ መጣ!»
አየሁት። ነጥብ በነጥብ ሰው፣ ነጥብ በነጥብ ዛፍ፣
ደመናው ባለ ማዕዘን፣ ፀሐዩ ባለ ጫፍ።
ይባስ ብሎ፣ አሮጌ እንዲመስል፣ መስመር አስገብተውበት!
እኔ ያንን መስመር ከሰው ቴሌቪዥን ለማጥፋት ነው
ሃያ ዓመት የሠራሁበት።

«ስማኝ» አልኩት፣ «የድሮዎቹ ለማማር ብለው አልነበረም፤
የነበረቻቸው ቦታ ያቺው ናት፣ ሌላ የለም።
አፍንጫ ቢሠሩ ዓይን ይጎድላል፣
ዓይን ቢሠሩ አፍ ይቀራል፤
ግን ያ አፍ የሌለው ሰው ሲዘል፣ ያሳሳል።
እናቴ የጣፈችው ሱሪ አለ፤ ደግሞ አለ፣ ፖስታ ቤት ፊት ለፊት፣
ጉልበቱ ላይ ሆን ብለው የቀደዱት፣ ለቀዳዳው የሚያስከፍሉበት።»

ኦብሳን ሣቀ፤ «ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር በለኛ!»
አላልኩም። ከስድስቱ ሁለቱ እርግማን ነበሩ፣ የለየላቸው ቀማኛ።
ሦስተኛው ደረጃ ላይ አንድ ወፍ አለ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታይ
ገደል የሚወረውርህ በክንፍ፤
ሠሪውን ባገኘው፣ ዛሬም፣ ስሙኒዬን አምጣ እለዋለሁ፣
የዚያን የወፍ።

ደግሞ የሚያስቀምጥልህ የለም። መብራት ከሄደ፣ ሁሉም ሄደ።
በሰማንያ ዘጠኝ፣ በጥቅምት፣ ስድስተኛው ደረጃ ላይ፣
የመጨረሻው በር እየታየኝ፣ ስክሪኑ ጠብ ብሎ ነደደ፣
ጨለመ። ሽኩር ብሬን አልመለሰም።
እንግሊዝኛ አናውቅም ነበር፤ «ጌም ኦቨር» ምንድን ነው ስንለው፣
«ተነሥ፣ ለሌላው ልቀቅ ማለት ነው» ይለን ነበር፣ እንደ መምህር ረጋ ብሎ፣
ማንም አልተጠራጠረም።

የኦብሳን ጌም በየእርምጃው ያስቀምጣል፣
የማይጠፋ ነገር ላይ እጅ እንዴት ያልበዋል?
ይህን እያልኩ፣ ለመተቸት ያህል፣ ስልኩን ተቀበልኩ።
ዘለልኩ። ወደቅሁ።
ጣቴ ቸኩሎ ነበር። እንደገና፤ አሁን ደግሞ ዘገየሁ።
ዝላዩ ክብደት አለው።
ወፍ የለም፣ ሸር የለም፤ ጥፋቱ በሙሉ የራሴ ነው፣
የምሰድበው ሰው አጣሁ።

«ማነው የሠራው?»
«አንዲት ልጅ ናት፣ ብቻዋን።»
«ካሴት አይታ ታውቃለች?»
«የት አይታ! እኔም አላየሁ።»
ታዲያ ማን ነገራት፣ ገደል አፋፍ ላይ
አውራ ጣት ትንፋሿን እንደምትይዝ?
ዝም አልኩ። መስመሩን ይቅር አልኳት፣ በሆዴ፣
ኦብሳን ሳይሰማኝ፣ እንዳይዝ።

ከሰዓት በኋላ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ያስገባል፣
ደፉ ላይ አንድ ደንበኛ፣ ቴሌቪዥኑን እንደ በግ ታቅፎ ቆሟል፤
«መስመር መስመር ይላል» ይላል።
«መጣሁ» እላለሁ፣ ቀና ሳልል።
ኦብሳን እጁን ዘርግቶ፦ «አጎቴ፣ ተነሥ፣ ለሌላው ልቀቅ!»
ማን አስተማረው ይሄን ደግሞ?
«ቆይ» አልኩት፣ «ቆይ፣
አንዲት ነፍስ ቀርታኛለች።»