የእንባው ቦታ

ኅዳር ነው። በቱርኩ ፀሐይ ዘጠኝ ተኩል ላይ ትጠልቃለች፣
ከተማዋ ጨለማውን እንደ ካፖርት ትደርባለች።
ከወንዙ ማዶ፣ ካረጀው ሲኒማ ቤት ደጅ፣
ሰልፉ ጠመዝማዛ ነው፤ ሽማግሌ፣ ጎረምሳ፣ ሴት ልጅ፣
የብየዳ መነጽር በየግንባራቸው ደፍተው፣
የቆርቆሮ አበባ በየደረታቸው ሰክተው።

«ብረት ሲሞሸር» ነው ፊልሙ። በወጣበት ዘመን
ባራተኛ ቀኑ ወረደ፤ አንድ ሰው አላለም «ለምን?»
በያጁ ክሬን ላይ ወጥቶ፣ በረዶው እየዘነበ፣
ለሂሳብ ሠራተኛዋ ልቡን በዜማ አነበበ፤
መዶሻው ከበሮ ሆነ፣ መርከቡም ወገቡን ነቀነቀ፣
ያየው ተቺ በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።
ዛሬ ግን የነዚያ ሳቂዎች ልጆች ግጥሙን በቃል ይወጡታል፣
ክሬኑ ጋ ሲደርስ ሁሉም መነጽሩን ወደ ዓይኑ ያወርዳል።

እኔ ሙያዬ መቁረጥ ነው፤ ቀርጸው ያመጡትን መስፋት፣
የመቶ ሰዓቱን ወሬ አንድ ሰዓት ውስጥ ማስገባት።
ታኔሊ ስለዚህ ፊልም ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ
ሁለት ክረምት መስኮት በሌለው ክፍል ተቀመጥኩ ከሱ ጋራ።

ኢርሜሊን ወደቡ ላይ አቆማቸው፤ የያኔዋን የሂሳብ ሠራተኛ፣
ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸውን፣ የሟቹን ዳይሬክተር የትዳር ጓደኛ።
«ባለቤትዎ ሲያርፉ» አለ፣ «የመጨረሻ ቃላቸው ምን ነበር?»
«ሾርባው ቀዝቅዟል፣ ነው ያለው።» ዓይናቸው ደረቅ። ከዚያ ዝም፣ ከባሕሩ በስተቀር።
ካሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ፣ ስለ ባርኔጣ ዋጋ ሲያወሩ፣
ከባሕር የመጣ ንፋስ መታቸው፤ ዓይኖቻቸው እንባ ቋጠሩ።

ሾርባውን ቆረጥኩት።
እንባውን ከጥያቄው ሥር አመጣሁት።
ሦስት ሰከንድ ጸጥታ ጨመርኩ፤ ያቺን ጸጥታ ከሌላ ቀን ነው የሰረቅኋት።
የምርቃቱ ዕለት አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ። ታኔሊ እጄን ጨበጠኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያን ፊልም ያሳየው ሴፖ ግን አላጨበጨበም፤
ዛሬ ማሽኑ ክፍል ውስጥ ተናገረ፣ ድምፁን አልደበቀም፦
«ያ በያጅ ሲዘፍን ማን ተታለለ? ሰሙን ሰም ነው ብሎ ሸጠ፤
አንተ ግን ሰሙን ወርቅ ነው አልከው፤ ሰውም አምኖህ ልቡን ሰጠ።»
«አያለቅሱም?» አለ ታኔሊ፤ «ማታ፣ ካሜራ በሌለበት ቤት?
ቦታውን ነው የቀየርኩት፤ እንባውን አልፈጠርኩት።»
«ሐዘኑ የሷ ነው» አለ ሴፖ፤ «ሰዓቱንም እሷ ትምረጥ።»
እኔ ጣቴን ነበር የማየው። በዚህ ጣት ነው የምቆርጥ።
«ካሜራ ወዳንዱ ስታዞር ለሌላው ጀርባህን ትሰጣለህ፤
ታዲያ የቱ ጋ ነው ሐቁ የሚያበቃው? ትነግረኛለህ?»
ሴፖ አልመለሰለትም። የፊልሙን ጥቅል አነሳ፣
በእጅጌው አቧራውን ጠረገ፣ ማሽኑ ላይ አስነሳ።

መብራቱ ሊጠፋ ሲል ወረድኩ፤ ኢርሜሊ ከጎኔ ወንበር ነበሩ፤
«ያ ንፋስ ነበር» አሉኝ፣ ከሰላምታ ሳይጀምሩ።
«አውቃለሁ» አልኩ።
«በኛ ፊልም በረዶው የድንች ዱቄት ነበር፤ ጫማችን ውስጥ ገብቶ ይቦካል፤
ድንች ነው ወይ ብሎ ለጠየቀን፣ አዎ፣ ድንች ነው፣ ብለናል።
አንቺ ግን ሾርባዬን ወሰድሽ።
የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ቀዝቅዞ ነበር፣ እውነቱን ነው።
አርባ አራት ዓመት በሾርባ ተጨቃጭቀናል፤ በሱ ነው የምስቀው።»

በያጁ ክሬኑ ላይ ወጣ። ድንቹ መዝነብ ጀመረ።
መነጽር ሁሉ ወረደ፤ የሳቸው ብቻ ግንባራቸው ላይ ቀረ።

ሌሊቱን ክፍሌ ገብቼ ሾርባውን ወደ ቦታው መለስኩት፤
እንባውንም ከባርኔጣው ጋር፣ ከንፋሱ ጋር አገናኘሁት።
እዚያ ጋ አሁን ማንም አያለቅስም። አንድ ሁለት ሰው ይስቅ ይሆናል።
ታኔሊ አልደወለም። እደውላለሁ ብሎ ነበር። ውጭ እውነተኛ በረዶ ይጥላል።