ሰባ ሦስተኛው መኪና

ወንበሩን ነቃቅሎ፣ ፍራሽ ዘረጋበት፣
መስኮቱን በአሮጌ መጋረጃ ሸፍኖ፣ ቡታጋዝ አስሮበት፣
«ይኸው» አለ ሽመክት፣ «እግር ያወጣ ቤት!»

አሥራ ስምንት ዓመት ሰው ሲጭን የኖረ፣
ከፒያሳ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ፒያሳ የተንከረተተ፣ የተሽከረከረ፣
ሰማያዊ ቀለሙ ከጎኑ ላይ ሁሉ የተፈረፈረ፣
ይሄ ሚኒባሳችን፣ በስተርጅናው አሁን፣ ሐይቅ ዳር ሊያድር ተቃጠረ።

ሐምሌ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል።
ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ሲቧጥጡ ሦስት ሳምንት አልፏል።
ናሆም፣ ሰባት ዓመቱ፣ ካርታ ስሎ ይዟል፤
ካርታው ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ከአገሩ ይበልጣል፣ ጉማሬው ቆሞ ኮፍያ አድርጓል።
ሶልያና አሻንጉሊቷን፣ አንድ እግር ጫማዋን፣
የጎረቤት ድመት በቦርሳ ደብቃ፣
(ድመቷን አስወረድን፤ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ሄደች ተነፋርቃ።)
ኢዮስያስ፣ ትንሹ፣ ቋንቋው ሁለት ቃል ነው፤
አንዱ «እምቢ»። ሌላው «ደስን?» — «ደረስን?» ማለቱ ነው።

ከአራት ኪሎ ወጣን፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ቸርችልን ቁልቁል ስንወርድ፣ ሽመክት በፉጨቱ ከሞተሩ ሲያወጋ፣
ጉዞው ቆመ፣
ለገሃር፣ ማደያው ጋ።

ከፊታችን ተሰልፏል ሰባ ሁለት መኪና።
ናሆም ነው የቆጠረ፤ ዣንጥላ ይዞ ወርዶ፣ ተመለሰና
«ሰባ ሦስተኛ ወጣን! ሽልማት አለው?» አለኝ። ምን ልበለው እና?

ናፍጣ የጫነው ቦቴ «መንገድ ላይ ነው» ተባለ።
ከጠዋት እስከ ቀትር መንገዱ ላይ ዋለ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን በጡጫ ደበደበ፣
ጣሪያው በአንድ ጥግ አፈሰሰ፤ ድስቱ ከሥሩ ተደገነ፣ እንደ ላም ታለበ።
የሶልያና ፀጉር እዚያው ተፈታ፣ እዚያው ተጎነጎነ፤
ፓስታው እዚያው ፈላ፤ የኋላችን ሾፌር ሽታው ጠርቶት መጣ፣ እንግዳችን ሆነ።
ደምመላሽ ይባላል። ጭልፋ ስለሌለን በኩባያ ጨለፍን፤
ጨው ረስተን ኖሯል። እሱ አለው። ተበደርን።

አንዱ ፊት ሲነቃነቅ፣ ሰልፉ እንደ አባጨጓሬ ተስቦ ይሳሳባል፤
ሦስት ክንድ ተጓዝን። «ሄድን!» ብለው ልጆቹ፣ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል።
«ሞጆ ነው ይሄ?» «አይደለም።»
«ዝዋይስ?» «ገና ነው፣ የኔ ዓለም።»
(ከዝዋይ የሚለየን አንድ ጀሪካን ነው፤ ሌላ ነገር የለም።)

አመሻሽ ላይ ናሆም መጋረጃውን ገለጠ፣
«አንበሳ!» አለ፤ ድምፁ ከጉሮሮው ቀጠነ፣ ትንፋሹ ተቆረጠ።
የባቡር ጣቢያው ፊት፣ ዘውዱን የደፋው፣
በመኪኖች መብራት አንዴ ብልጭ ብሎ፣ አንዴ ዝናብ ሲያጠፋው።
ሦስቱም አፍንጫቸውን መስተዋቱ ላይ ለጠፉ፤ ትንፋሻቸው ጉም፤
ኢዮስያስ እንኳ «እምቢ» አላለም።
ሶልያና በሹክሹክታ፦ «ርሷል። ይበርደዋል። ቤት የለውም?»
ሽመክት አፉን ከፈተ፣ «ሐውልት ነው» ሊል፤
ጉልበቱን ያዝኩት። ዝም በል።

መሸ። ቦቴው የለም። መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ።
ሦስቱ በአንድ ፍራሽ፣ እግር ለእግር ተቆላልፈው ተነጠፉ፤
እኔ ቁመቴን በግማሽ አጥፌ፣ አባታቸው መሪው ላይ ደፍቶ ግንባሩን፣
እንሰማለን ዝናቡ ጣሪያችን ላይ ሲያነሣ ሲጥል እግሩን።
እውነቱን ለመናገር፣ ቤታችን ከዚህ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤
ተመልሰን ማደር እንችላለን።
ማናችንም ግን አላነሣነው።

እኩለ ሌሊት ላይ ኢዮስያስ ብንን አለ፤ አንገቴን ዳበሰ፤
ጠየቀኝ ያንኑ ጥያቄ፣ በኮልታፋ ምላስ፣ እንቅልፍ በቀመሰ፦
«ደስን?»

«ረ» የምትባል ፊደል አፉ ላይ ገና አልበቀለችም፤
እሷ ስትጎድል ከመድረስ የሚተርፈው «ደስ» ነው፤ ይህን እሱ አያውቅም።
ውጭ አንበሳው ቆሟል፣ እግሩን እንዳነሣ፣ አንድ ርምጃ ሳይሄድ፣ ሰባ አራተኛ ሆኖ ከኛ ጋር ተሰልፎ።
«አዎ» አልኩት በጆሮው፣ ብርድ ልብሱን ስቤ።
«ደስን።»