የኋላ ማርሽ

ሣጥኑን ያመጣው ኮሊን ነው፣ የወንድሜ የልጁ ባል፤
ከቀብሩ በሳምንቱ፣ «ይቺ ለዊኒ ትሁን ብሏል።»
ሻይ እንኳ አልጠጣም። ግሪምስቢ በካፊያ እንደራሰች፣
ጀልባዋ በጋዜጣ ተጠቅልላ ወጥ ቤቴ ገባች።

የዓሣ አጥማጅ መርከብ አምሳያ፣ ክንድ ተኩል ርዝመቷ፤
ቀዩ ቀለም ተላልጦ ብቅ ብሏል ጥድ እንጨቷ።
ሆዷ ውስጥ የጥንት ሞተር፣ የነሐስ ቆብ የደፋ፣
ባትሪ ሲነካው እንደ ጠገበ ድመት የሚያንኮራፋ።

ክሊፎርድ በዐሥራ አራቱ ሲሠራት ጀምሮ ይታወቃል፣
አንድ ጠባይ አለበት፦ ወደፊት ብቻ ያውቃል።
ኩሬውን ያቋርጥና ከማዶ ሸምበቆ ይጣበቃል።
ወንድሜ ሱሪውን ሰብስቦ እየተሳደበ ሲገባ፣
እኔ ዳር ቆሜ ስቄያለሁ፤ ሆዴን ይዤ፣ እስከ እንባ።

ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ጠጋኝ ሆኜ ኖሬያለሁ፤
ሪሌይን በጠቅታው፣ ሰውን በሳሉ እንደሚለዩት፣ አውቃለሁ።
«ይሄማ ምን ያቅታል?» አልኩና ወንበሬን ሳብኩ፤
ቀዩን በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ተከልኩ።
ባትሪውን አስነካሁ። ዞረ።
ወደፊት ነው የዞረ።

እንደገና ገለበጥኩት።
ወደፊት። ያው፣ ወደፊት።

ነገሩ የገባኝ ሌሊት ነው፣ መብራቱን ላጠፋ ስል።
ይህ ሞተር ማግኔት የለውም፤ ዙሪያው የመዳብ ጥቅል፣
መሐሉም የመዳብ ጥቅል፤ ከአንድ ባትሪ ነው የሚጠጡት።
ዙሪያው ፊቱን ሲያዞር መሐሉም ያዞራል፣ በዚያው ቅጽበት።
ሁለቱም ከተገለበጡ ታዲያ ማን ተገለበጠ?
ግፊያው እንደ ቀድሞው ነው፤ ዘንጉ መቼ መንገድ ለወጠ?

የእናታችን ቤት ጉዳይ ያኔ ትዝ አለኝ።
ስድስት ዓመት ተኳርፈናል። «ቤቱ የኔ ነው» ሲለኝ
«የኔ ነው» ስለው። ከዚያ አንድ የገና ሳምንት
ደብዳቤ ጻፍኩለት፦ «ቤቱ ያንተ ነው፣ ኑርበት።»
የሱም በዚያው ዕለት ደረሰኝ፦ «ያንቺ ነው፣ ውሰጂ» የሚል።
«አልወስድም!» «ትወስጂያለሽ!» ጠባችን ያው፣ በዚያው ኃይል፣
በዚያው አቅጣጫ ቀጠለ።
በመጨረሻ ለማናውቀው የጥርስ ሐኪም ሸጥነው።

ስለዚህ አንዱን ብቻ። ዙሪያውን እንዳለ ትቼ
የመሐሉን ሁለት ሽቦ በሪሌዩ በኩል መርቼ፣
ሁለት ምላስ፣ አራት ጥርስ፤ ጥርሶቹን በመስቀል አስሬ፣
ቆርቆሮውን ከአውራ ጣቴ ጋር አንድ ላይ በይጄ፣ አርሬ።
ዳዮዷን ግን ረሳኋት። ሪሌዩ ሲለቅ፣ ጥቅሉ
በእርግጫ መታው መቀበያውን፤ ጨሰ፣ አበቃ አመሉ።
ዐሥራ ስምንት ፓውንድ። ይሁን። ጥፋቱ የኔ ነው።
ማንም የያዘውን ሲለቅ ይራገጣል፤ ዳዮድ ለዚህ ነው።

እሑድ ጧት ኩሬው ዳር ማንም አልነበረም፣
ከአንድ ሰውዬና ከእርጥብ ውሻው በቀር።
ሄደች። ዳክዬዎቹን ለሁለት ከፈለች።
ሸምበቆው ጋ ስትደርስ፣ እንደ ልማዷ፣
አፍንጫዋን ቀብራ ቀረች።

መቆጣጠሪያውን መሐል ላይ ትንሽ አሳረፍኩት።
ከዚያ ወደ ራሴ ሳብኩት።
ከማዶ፣ በውሃው ላይ፣ ጠቅ ሲል ሰማሁ፤
ወይ የሰማሁ መሰለኝ።

ወጣች። ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ፣ እየተንገዳገደች፣
አንድ ሸምበቆ በአንገቷ አጥልቃ፣ ግራ ቀኙን እየሳተች።
ወደኋላ ስትሄድ መሪዋ አይታዘዝም፤
ይህን ደግሞ ማንም አልነገረኝም።

«ጎበዝ ናት» አለ ሰውዬው።
«የወንድሜ ናት» አልኩት።

ቦት ጫማዬን አየሁ፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ የላስቲክ።
ምናልባት ልገባ እችላለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት።
ደረቅ ነው።
ጀልባዋ ልትደርስ ሦስት እርምጃ ሲቀራት
ገባሁ።