ታኮ

በመኪና አንድ ቀን ነው፣ በእግር አሥራ ስምንት፤
ከደሴ ተነሣሁ ጥላ ይዤ ለስለት።
ዛሬ በአራት ኪሎ ሐውልቱን አልፌ
ቁልቁል ወረድኩላችሁ አጥር ተደግፌ።

መንገድ ማለት ለእኔ የናፍጣ ቁጥር፣
ከሸኖ ሰንዳፋ ሁለት ሲጋራ ነበር።
በእግር ሲመጡ ግን ሸኖ አያልቅም ከቶ፤
ያለፍኩት ባሕር ዛፍ ይጠብቀኛል ቀድሞ መጥቶ።

ሰንዳፋ ሲመሽብኝ አንድ አይሱዙ ቆመ፤
ልጁ አወቀኝና ስሜን ደጋገመ።
«ግባ እንጂ ጋሽ ይርዳው! ምን ሆነህ ነው በእግር?»
«ስለት ነው» ስለው ግን አላወጣም ነገር።
በአንደኛ ማርሽ ሆኖ፣ መብራቱን አብርቶ
ተከተለኝ ቀስ ብሎ፣ ጥላዬን ከፊቴ ዘርግቶ።

*

ጣርማበርን ስንወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ፤
ተሳቢው ከኋላ ገፋኝና ዋለለ።
«ጊዮርጊስ!» አልኩ ጮኼ፣ «አውጣኝ ብቻ ዛሬ፤
አራዳ ድረስ ነው የምመጣው በእግሬ!»
ረዳቴ ማንደፍሮ ታኮውን ጨብጦ
በሩን ከፍቶ ዘለለ፣ ጎማ ሊቀድም ሮጦ።

ጎማ አይቀደምም።

መኪናው ቆመልኝ ገደሉን ታክኮ፤
ከልጁ ጎን ወድቆ አገኘሁት ታኮ።

በሰማዕቱማ ምን ቅሬታ አለኝ፤
እንዳልኩት ሰጠኝ፤ «አውጣኝ» አልኩ፣ አወጣኝ።
ሁለት ነበርን እኮ ጋቢናው ውስጥ ያለን፤
ምን ነበር ምላሴ ብትል ኖሮ «አውጣን»?
የአንዲት ፊደል ነገር።
አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ እሷን ሳኝክ ነበር።

*

ራስ መኰንን ድልድይ ጋ ጉልበቴ ማርሽ አጣ፤
ይቺን ታህል ዳገት ሦስት ጊዜ አርፌ ልወጣ!
ፒያሳ ደረስኩና ፒያሳን አጣኋት።
ዶሮ ማነቂያ የታል? ያ ጠባብ መታጠፊያ?
ሣር ነው፣ አበባ ነው፣ የብስክሌት ማለፊያ።
እትዬ የሻረግ እዚህ ስትሸጥ ፉል
ዱቤ ትጽፍ ነበር ግድግዳ ላይ በከሰል።
መቶ አርባ ብር ቀርቶት ነው ማንደፍሮ የሄደው፤
ልከፍል ይዤ መጣሁ፤ ግድግዳውን ማን ወሰደው?
ጥበቃ የቆመች ልጅ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣
«አባት፣ ሣሩን አይርገጡ» አለች ድምጿን ቀንሳ።

*

ጊዮርጊስ ደጅ ደረስኩ። ተሳለምኩ። ገባሁ።
ጥላውን ለጸሐፊው በሁለት እጄ ሰጠሁ።
ደረሰኝ ሊቆርጥ «ስም?» አለ፣ ቀና ሳይል ካጎነበሰበት።
«ማንደፍሮ» አልኩ፤ ስለቱን ወደ እሱ አዞርኩለት።

«የክርስትና ስሙስ?»

አሥራ አንድ ዓመት አብረን፣ አንድ ጋቢና ውስጥ አድረን፣
አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን፣ ካንድ ሰሃን በልተን፣
እንቅልፍ ሲጥለው የሚያጉረመርመውን፣
የግራ ጥርሱን ሕመም፣ ሚጥሚጣ መጥላቱን
አውቃለሁ።
ያን አላውቅም።

ጸሐፊው ጠበቀ። ከዚያ ባዶውን ትቶ ቀደደና ሰጠኝ።
መድረሴን ሳላምን ደረሰኝ ደረሰኝ።

እግሬም አላመነም፤ ቆሜ እንኳን ይሄዳል፤
ሞተሩ ሳይጠፋ እንደቆመ መኪና ይንቀጠቀጣል።
ከግንቡ ሥር ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን ፈታሁት፤
ከማዳበሪያው ውስጥ ታኮውን አወጣሁት።
ጠርዙ ተበልቷል፤ የጎማ ጥርስ አለበት።
እሱ እንደሚያደርገው፣ በመዳፌ መታ አድርጌ
ከተረከዜ ኋላ ሸጎጥኩት።

መሬቱ ሜዳ ነው።
ቢሆንም ሸጎጥኩት።